ሦስቱ ቢጫ መስመሮች

የሥራ ባልደረቦቹ “የሣሩ ጌታ” ይሉታል፤ ግማሹ ለአክብሮት፣ ግማሹ ለሽሙጥ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጨዋታው ወቅት ሲገባ ጎልፍ ሜዳው ይቀጥረዋል፣ ወቅቱ ሲያበቃ ያሰናብተዋል። በመሐል ያሉትን ወራት የሚኖሩት ሚስቱ በምትሰፋው ልብስ ነው። ዘንድሮ ግን አለቃው ሠራተኛውን መሣሪያ ቤቱ በር ላይ ሰብስቦ አንድ ሰው ቋሚ እንደሚደረግ ተናገረ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሣሩ ጌታ ሰው ማመን አቆመ። እውነቱን ለመናገር ድሮም ብዙ አያምንም ነበር፤ የምሳ ዕቃውን በቁልፍ የሚዘጋ ሰው ነው።

ቦታውን ሊቀማው የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አምና የመጣው የማጨጃ ማሽን ነጂ። ዕድሜው አርባን ያለፈ፣ ሥራ የሚችል፣ ከሰላምታ በላይ ቃል የማይወጣው ሰው ስለሆነ “ዝምተኛው” ይሉታል።

“ይሄ ሰውዬ ዝም የሚለው ነገር ሲጎነጉን ነው” አለ የሣሩ ጌታ ለሚስቱ።

“ቢያወራ ደግሞ ምላሱ ረዘመ ትል ነበር” አለች እሷ፣ መርፌዋ ውስጥ ክር እያስገባች።

ማዳበሪያ በተበተነ በአራተኛው ቀን፣ ኳሱ በሚገባበት በሰባተኛው ጉድጓድ ዙሪያ ባለው ሣር ላይ ሦስት ቢጫ መስመሮች ወጡ። ያ ሣር ከሜዳው ሁሉ አጥሮ የሚታጨድ፣ እንደ ልጁ የሚሳሳለት ነው። ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው፤ ተቃጥሏል። ማዳበሪያውን በጋሪ የበተነው ራሱ ነው፤ ሌላው ሰው መስመር እንዳይስት ገመድ ሲወጥር እሱ ግን በማለዳ ወጥቶ፣ የጋሪው ጎማ ጤዛው ላይ የተወውን ዱካ እያየ ይበትናል። በዚህ ሙያው አፉን ሞልቶ ይመካል። ስለዚህ ራሱን መጠርጠር ለአፍታም አልመጣለትም።

“ያ ዝምተኛ ነዳጅ አፍስሶብኝ ነው” አለ በልቡ።

ሦስት ቀን እግር በእግር ተከታተለው። ዝምተኛው በየማለዳው ከሁሉም ቀድሞ ይገባል፤ በጆንያ የተሸፈነ ባልዲ ይዞ ወደ ሰባተኛው ይሄዳል። የሣሩ ጌታ እንዳይታይ ከሩቅ ያያል እንጂ፣ ቃጠሎውን ዳግም ቀርቦ ለማየት ልቡ አልቻለም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? በሦስተኛው ቀን የሣሩ ጌታ አለቃው ቢሮ ገባ።

“ሰባተኛውን የሚያቃጥለው እሱ ነው።”

“አይተዋል?”

“በዓይኔ በብረቱ።”

በዓይኑ በብረቱ ያየው ባልዲ ነው።

በማግስቱ እጅ ከፍንጅ ሊይዘው ገና ሳይነጋጋ ደረሰ። ዝምተኛው ሰባተኛው ላይ ተንበርክኳል።

“ምን እያደረግህ ነው?”

“ደህና አደሩ፣ ጋሼ” አለ ዝምተኛው ሳይደነግጥ። ባልዲው ውስጥ ከነአፈሩ የተቆረጠ፣ መዳፍ መዳፍ የሚያህል ለምለም ሣር ነበር። የተቃጠለውን እየነቀለ በቦታው ይተክላል። “ሁለቱን መስመር ጨርሻለሁ። የበተኑ ዕለት ተጫዋቾች መጡና እርስዎ ሥራውን መሐል ላይ አቋርጠው ወጡ፤ ሲመለሱ ጤዛው ደርቆ ነበር። ዱካው ጠፍቶብዎት ሦስቱን መስመር ደገሟቸው መሰለኝ፤ ማዳበሪያው ተደርቦ አቃጠለው። እኔም ነገሩ የገባኝ ሲቃጠል ነው።”

የሣሩ ጌታ ተጫዋቾቹን አስታወሰ። ጤዛው ደርቆበት የነበረውንም ሣር አስታወሰ።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ብነግርዎት ያምኑኛል?” ዝምተኛው ፈገግ አለ። “እኔ የድሮ ሥራዬን ያጣሁት በእንዲህ ያለ ስህተት ነው። አለቃው ሳያየው ቢሸፈን ይሻላል ብዬ ነው።”

ያኔም እንኳ፣ ውለታ ሊያስቆጥርብኝ ይሆን ብሎ አሰበ፤ አመል ነዋ። ከዚያ በኋላ ግን ኀፍረቱ መጣ፤ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። በዚህ መሐል ነግቶ ነበር፤ አለቃው ከቢሮው በር ላይ ሆኖ ዝምተኛውን በእጁ ጠራው።

“ጋሼ፣ ይህን የውሃ ጎማ ይያዙልኝ። አዲሱ ሣር ሥሩ እንዳይደርቅ ያጠጡት፣ መጣሁ” ብሎ አቀበለው።

ቢሮው ሁለት መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው። ሄዶ “ጥፋቱ የእኔ ነው” ማለት ብቻ ነበር። ግን ቋሚነቱስ? ሚስቱ ዓይኗ እየደከመ እስከ መቼ ትሰፋለች? ደግሞ ሣሩ ይደርቃል አለ ለራሱ፤ አሁን የተተከለ ሣር ያለ ውሃ አይቆይም፣ ይህን የትኛውም ባለሙያ ያውቀዋል። እናም አጠጣ። አንዱን መስመር ጨርሶ ሌላውን አጠጣ፤ ተመልሶም የመጀመሪያውን አጠጣ።

ዝምተኛው የሥራ ልብሱን አውልቆ አስረክቦ፣ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ ከቢሮው ወጣ። ወደ ዋናው በር የሚወስደው መንገድ በሰባተኛው አጠገብ ያልፋል። ቆም ብሎ ሣሩን አየ፤ ቀጥሎ ሰውዬውን አየ።

“ይበቃዋል፣ ጋሼ” አለ። “ውሃ በዛበት።”

የሣሩ ጌታ ቧንቧውን ሊዘጋ ሄደ። ሲመለስ በሩ ላይ ማንም አልነበረም።