አባቱን በሳጥን የከፋፈለው ካሬ

ሰፈሩ ሁሉ ካሬ ነው የሚለው። ስሙን ባወጡለት ሰዎች አይፈረድም፤ ጫማውን አውልቆ ከምንጣፉ ጠርዝ ጋር ካላስተካከለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ሌላ ምን ይባላል? እንጀራው የስልክ መተግበሪያ መሥራት ነው። እናቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አባቱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር።

አባትየውን ከወራት በፊት ስትሮክ መታውና አንደበቱ ተያዘ። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ይረዳል፣ ቃል ግን አይወጣውም። ቀኝ እጁም ይንቀጠቀጣል። ያመመውን ለመናገር ሲታገል ማየት ለካሬ ከበደው። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተጎልቶ መተግበሪያ ሠራለት። ስክሪኑ ላይ አባትየው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ግራ እጁን ሆዱ ላይ አሳርፎ የተነሳው ፎቶ አለ። ያመመውን ቦታ ፎቶው ላይ ሲነካ ስልኩ ጮክ ብሎ ይናገርለታል።

ሥራው ግሩም ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ካሬ ሆዬ አባቱን በሳጥን በሳጥን ከፋፍሎታል! ጭንቅላት አንድ ሳጥን፣ ደረት አንድ ሳጥን፣ ሆድ አንድ ትልቅ ሳጥን። ሆዱ ላይ ያረፈው እጅም እዚያው ሳጥን ውስጥ ገብቶ ቀረ።

አባትየው የግራ እጁን አንጓ በር ገጭቶት ነበር። ፎቶው ላይ አንጓውን ነካ።

«ሆዴን አሞኛል!» አለ ስልኩ።

እናትየዋ እየበረረች ምሳውን ከፊቱ አነሳችና ውሃ የመሰለ ሾርባ አቀረበችለት። ደግሞ ነካ፣ ደግሞ ሾርባ። ሁለት ቀን ሙሉ ሾርባ! በሦስተኛው ቀን ስልኩን ደፍቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እናትየዋ ሸሚዝ ልታለብሰው ስትል ነው ያበጠውን አንጓ ያየችው።

«አንተ! እጁን እኮ ነው ያመመው!» ብላ ጮኸች። «አባትህ ሳጥን ነው እንዴ? ሰው እንደ ጠረጴዛ ልብስ ይቆረጣል?»

ካሬ አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ፈራ። ዳግመኛ አልነካም ካለስ? ከዚያ በኋላ በምን ሊያናግሩት ነው?

በዚያው ቀን ከፎቶው ሥር ለዓይን የማይታይ ሌላ ቅጂ አስቀመጠ። ሳጥኖቹን ጥሎ፣ እያንዳንዱን የአካል ክፍል ጠርዝ ጠርዙን ተከትሎ በየራሱ ቀለም ቀባው፤ ጣት ሲያርፍ ስልኩ ከሥር ያለውን ቀለም አይቶ እንዲናገር። እናትየዋ አጠገቡ ተቀምጣ «ኧረ ብብቱን ዘለልከው!» እያለች ቁም ስቅሉን አሳየችው። ሲጨርስ እንደ ባሏ ጣቷን እያንቀጠቀጠች ሞከረችው። ጣቷ ከጆሮው ትንሽ ወጣ ቢል ስልኩ ዝም።

«ልክ በልኩ ቆርጠህ በምኑ ልትሰፋው ነው? ትርፍ ተውለት እንጂ!»

እሺ ብሎ፣ ጣት ከጠርዝ ውጭ ካረፈ ስልኩ ቅርብ ያለውን ቀለም እንዲወስድ አደረገ።

አባትየው ግን በጄ አላለም። በማግስቱ እናትየዋ ከቁርስ ጀምራ ለመነችው። «ንካው እንጂ፣ አይነክስህ! ልጁ እኮ ዓይኑ እስኪጠፋ ለፋ! ሾርባውንም ቢሆን ወድጄ ነው? አኩርፈህ ልትቀር ነው? እስቲ አንዴ፣ ለእኔ ስትል...» አንድ ሰዓት ሙሉ ትንፋሽ አልሰበሰበችም።

አባትየው ቀስ ብሎ ስልኩን ሳበ። ጣቱ ተንቀጥቅጣ ተንቀጥቅጣ አረፈች።

«ጆሮዬን አሞኛል!»

«ውይ በሞትኩት! ጆሮውን ነው! አንተ ልጅ፣ ቶሎ ሐኪሙ ጋ ደውል!»

አባትየው በአገጩ ወደ አፏ አመለከተና ደግሞ ተጫነው። «ጆሮዬን አሞኛል!» የከንፈሩ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ትከሻው እስኪርገፈገፍ ሳቀ።

እናትየዋ ባሏ ከታመመ ወዲህ ሲቀልድ አይታው አታውቅም። ስልኩን ከነእጁ ይዛ ጉልበቱ ላይ ተደፋች።

«ስደበኝ የኔ ጌታ» አለች እያለቀሰች፣ «ስደበኝ!»