በር ላይ የቆሙልኝ አባቴ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የተነሣሁት ጌታ ያደረገልኝን ይዤ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። ዕንባዬ ከቀደመኝ ታገሡኝ።

አባቴ ጃናሞራ የቅኔ መምህር ናቸው፤ አገሩ ሁሉ "የኔታ" ነው የሚላቸው። ልጅ ሳለሁ ግቢያችን በተማሪ የተሞላ ነበር። ብር የሚከፍል ግን አልነበረም። ለየኔታ እንጨት ይለቅማሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ ይማራሉ። ያ ግቢ ዛሬም ይናፍቀኛል።

እኔ ደባርቅ የግል ኮሌጅ ነርሲንግ ስገባ፣ አባቴ "ትምህርትም ይሸጣል እንዴ?" ብለው ተገረሙ። ቢሆንም ጊደር ሸጠው ከፈሉ፤ በዓመቱ በጎቹን ሸጡ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ክፍያው እንደገና ጨመረ። እስከ ሰኞ ካልከፈልኩ እንደምሰረዝ ተነገረኝ። ለአባቴ ደውዬ ትቼ መምጣቴ ነው አልኳቸው።

አብራኝ የምትኖር፣ ጌታን የተቀበለች አንዲት እህት ነበረች፤ "ኢየሱስ ዋጋሽን ከፍሏል" ትለኛለች። እኔ ደግሞ "እስቲ ለሬጅስትራሩ ንገሪልኝ" እያልኩ አሾፍባታለሁ።

ሰኞ ሰነዴን ልወስድ ስሄድ፣ ሬጅስትራሩ "ተመለሽና ተማሪ" አለኝ። ለካ አባቴ መጥተው ዲኑን አነጋግረዋል። "በእኛ ደንብ ተማሪ መምህሩን አገልግሎ ነው የሚማረው። የልጄን ድርሻ እኔ ላገልግል" አሏቸው። የኮሌጁ ዘበኛ ሆኑ፤ ደመወዛቸው ለእኔ ክፍያ ሊያዝ።

በማግስቱ ከጓደኞቼ ጋር ስመጣ በሩ ላይ አየኋቸው፤ ጥምጥማቸውን እንዳሰሩ፣ የዘበኛ ካፖርት ደርበው። አልደብቃችሁም ወገኖች፣ አፈርኩባቸው። እንደማላውቃቸው ሆኜ አለፍኩ። እሳቸውም ገባቸው። ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ዝቅ ብለው፣ "ይግቡ፣ እመቤት" አሉኝ።

ክፍል ገብቼ የሰማሁት የለም። አቋርጬ ወጥቼ ያቺን እህት ፈለግኋትና "ያን ስለ ዋጋ የምትዪኝን ድገሚልኝ" አልኳት። እዚያው ተንበርክኬ ጌታን ተቀበልኩ። ስሙ ይባረክ! ከዚያ ሮጬ አባቴ ጉልበት ላይ ወደቅሁ። ይቅርታዬን አላስጨረሱኝም። "ተነሽ ልጄ፣ ግቢ፤ ትምህርቱ ያመልጥሻል" አሉኝ።

እስክመረቅ ሁለት ዓመት በዚያ ብርድ ቆሙልኝ። ዛሬ ነርስ ነኝ፣ ክብር ለጌታ ይሁን! አባቴ በሃይማኖታቸው እንዳሉ ናቸው። የእኔ ማመን አሳዝኗቸዋል፤ ግን ልጅነቴን አልካዱም።

በክፍያ የተጨነቃችሁ፣ ልጅ ማስተማር ያቃታችሁ፣ ጌታን እመኑት፤ እናንተ ባላሰባችሁት በኩል ይመጣል። አባቴም ከቅዳሴ መልስ ውጭ በሩ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። ስትወጡ እንዳታልፏቸው፣ ሰላም በሏቸው። አባቴ ናቸው።