የሁለቱ ፉርጎዎች ማያያዣ

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ሲቀላ በሚባለው የታችኛው ከተማ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ስቀጠር፣ በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ ሥራ ለሞዴል ባቡር ጎማ ከእንጨት ማውጣት ነበር። አለቃዬ ጋሽ ቶማ ለትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ሞዴል ይሠሩ ነበር፤ መኪና፣ ድልድይ፣ ባቡር። ባቡር ግን እሳቸውም እኔም በዓይናችን አይተን አናውቅም። እኔ የዶርዜ ልጅ ነኝ፤ እዚያ ሲሽከረከር ያየሁት ነገር ቢኖር እንዝርት ነው።

የመጽሐፍ ሥዕል እያየን ወይራውን ቶርኖ ማሽን ላይ እናዞርና፣ ጎማው ከሐዲዱ እንዳይወጣ ዙሪያውን ከንፈር እናወጣለታለን። ከንፈሩን ያወጣነው በውጭ በኩል ነበር። ሐዲዱን ከውጭ አቅፎ ቢይዘው የሚሻል መስሎን ነበር።

ያረሙን እትዬ አስካለ ናቸው። ድሬዳዋ ኖረው፣ ባላቸው ሲሞቱ ላይኛው ከተማ ሴቻ፣ እህታቸው ዘንድ የገቡ ሴት ናቸው። ቀለሙ እንዲደርቅ በራችን ላይ ያስቀመጥነውን ፉርጎ ገልብጠው አዩና፣ አቦ ይሄ እኮ መታጠፊያ ላይ ይወድቃል፣ ከንፈሩ በውስጥ ነው አሉን። ጋሽ ቶማ ሳቁ። እኔ ግን ከፋኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ የለፋሁበት ነው።

በሳምንቱ ተመልሰው ሁለት ፉርጎ አዘዙ። ማያያዣው የድሮው ዓይነት ይሁን፣ መንጠቆና ሰንሰለት፣ ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ለምን እንደፈለጉት አልጠየቅኩም።

ያኔ ራሴን እንደ ትልቅ ባለሙያ መቁጠር ጀምሬ ነበር። መንጠቆና ሰንሰለት የአጥር በር ማሰሪያ እንጂ ለሞዴል አይመጥንም አልኩ። ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ፈልቅቄ፣ ሰባብሬ በየፉርጎው ጫፍ ቀበርኩ። ፉርጎዎቹን ሲያቀራርቧቸው ቀጭ ብለው በራሳቸው ይያያዛሉ። ጋሽ ቶማ አይተው፣ የታዘዝከው ይሄን ነው ወይ አሉኝ። ሲያዩት ይደሰታሉ አልኳቸው።

እትዬ አስካለ መጡና ሁለቱን ገፉ። ቀጭ አሉ። ለያይተው ደግመው ገፉ። ከዚያ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ፉርጎዎቹን ጭናቸው ላይ አድርገው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

ምን አጠፋሁ ብዬ ስጠይቃቸው ነገሩኝ። ባላቸው ፉርጎ አያያዥ ነበሩ። አንድ ቀን ለማያያዝ ሁለት ፉርጎ መሃል እንደገቡ ተጨፍልቀው ሞቱ። የባላቸው ወንድም ለቅሶው ላይ፣ ሰክሮ ነው እንጂ ጤነኛ ሰው ምን ሊያደርግ እዚያ ይገባል አለ። ወሬው ስንት ዓመት ቆይቶ ሰሞኑን ልጃቸው ጆሮ ደረሰ። ልጅቱ ኮሌጅ ትማራለች። የአባቷን ፎቶ ከግድግዳ አውርዳ ሳጥን ውስጥ ከታዋለች።

«ሥራው መሃል መግባት መሆኑን ላሳያት ነበር» አሉኝ። «ይሄን ባሳያት ግን፣ ‘አጎቴ ልክ ነው’ ነው የምትለው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማግኔቱን እዚያው ፊታቸው ፈልቅቄ አወጣሁ።

መንጠቆውን ከሽቦ አጠፍኩ፣ የሰንሰለቱን ቀለበቶች አንድ በአንድ ቀጣጠልኩ። በሦስተኛው ቀን እትዬ አስካለ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቱ ፉርጎዎቹን ገፋቻቸው፤ ተነካክተው ተለያዩ። ጠንከር አድርጋ ገፋች፤ ያው ነው። ታዲያ እንዴት ነው የሚያያዙት ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ የኔ ስላልሆነ እናቷን አየሁ።

«ሰው ይገባል» አሏት።

ልጅቱ ሁለት ጣቷን መሃል አስገብታ ሰንሰለቱን አነሳችና መንጠቆው ላይ አጠለቀችው። ጣቷን ግን ቶሎ አላወጣችም።

«በቀን ስንቴ?» አለች።

«እኔ እንጃ፤ አባትሽ መቁጠር ትቶ ነበር።»

ልጅቱ እናቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔም አላስቻለኝም፤ ፊቴን ወደ ቶርኖው አዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ሞዴል ሠርቻለሁ። ደንበኛ ማያያዣ ሲመርጥ ለምን ብዬ እጠይቃለሁ፤ ከጠየቅኩ በኋላም የመረጠውን ነው የምገጥመው።