የአባ ካሳ ገመድ
ባለፈው ክረምት ከመርሳ ወደ ግራና ስሄድ ወንዙ ሞልቶ መኪናው ዳር ላይ ቆመ። ሚስቴን ማዶ ምጥ ይዟታል፤ ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ አልቻልኩም። ዋና ደግሞ አላውቅም።

እዚያ ሰው የሚያሻግሩ አባ ካሳ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ባዶ ጄሪካን ደረቴ ላይ አሰሩልኝ፤ ወገቤን በረጅም ገመድ ጠፍረው ጫፉን ራሳቸው ያዙ።

"ውሃው ከጣለህ እንዳትታገል። ጄሪካኑን እቀፍ፣ እኔ ጎትቼ አወጣሃለሁ" አሉኝ።

ልቤ መለስ አለ። ቀጥለው "የክርስትና ስምህ ማነው?" ሲሉኝ ግን ከውሃው ዳር ወደ ኋላ አልኩ።

"ገብረ ማርያም። ለፍትሐት ነው የሚጠይቁኝ?"

"ለጸሎት ነው። ይልቅ ግባ።"

ገባሁ። መሃል ላይ ስደርስ ውሃው ደረቴን አለፈ፤ ድንጋዩ ከእግሬ ሥር ይንከባለላል። ከኋላዬ "ጌታዬ፣ ገብረ ማርያምን አደራ" ሲሉ ይሰማኛል። ግድ የለም፣ ገመዱ አለ እያልኩ እየተንገዳገድኩ ማዶ ወጣሁ።

ልፈታው ብዬ ገመዱን ሳብ ሳደርገው ጫፉ ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ መጣ። ደንግጬ ዞር አልኩ። አባ ካሳ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አሁንም ስሜን ይጠራሉ።