የርካሹ አውሮፕላን ዳኛ

በአገራችን ሰሜን ጫፍ፣ በናዶር ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ተራ የሚይዙ ባለታክሲዎች ቡዝያንን «ዳኛው» ይሉታል። ዕድሜው ስድሳ አራት ነው፤ ሠላሳ አንዱን ዓመት መንገደኛ ሲያመላልስ ኖሯል። እሱ ራሱ ግን አንድም ቀን አውሮፕላን ላይ ወጥቶ አያውቅም። ቪዛ ሁለት ጊዜ ጠይቆ ሁለቴም ተከለከለ፤ ከዚያ በኋላ ደጅ መጥናቱ ይብቃኝ ብሎ ተወው። ይሁን እንጂ ስለ በረራ እሱ የሚያውቀውን ያህል አብራሪዎቹ ማወቃቸውን እጠራጠራለሁ።

እኛ አገር ግማሹ ሰው እዚህ ነው፣ ግማሹ ጀርመንና ሆላንድ። ስለዚህ በየቤቱ ያለው ክርክር አንድ ነው፤ በርካሹ አውሮፕላን ይሻላል ወይስ በመኪና ነድቶ፣ በመርከብ ተሻግሮ መምጣት? ይህን ክርክር የሚቆርጠው ቡዝያን ነበር። መንገደኛው ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ሦስት ነገር ይጠይቀዋል። ስንት ኪሎ ይዘሃል? ቀኑ ቢቀየርብህስ? የምትሄደው ማንን ልታይ ነው? ከዚያ ይፈርዳል። ርካሹ አውሮፕላን በሦስት ሰዓት ያደርሳል፤ ቲኬቱን ቀደም ብሎ ለቆረጠ ዋጋው ከአንድ በግ ያነሰ ነው። ግን ሻንጣህን በብረት ሳጥን ይለካል፤ በጣት ካለፈ ያስከፍልሃል። ውሃውንም ይሸጥልሃል። ቀን መቀየር ከፈለግህ አዲስ ቲኬት ግዛ ይልሃል። «ርካሹ አውሮፕላን አንተን ይወስዳል፤ ዕቃህን አያውቅም» ይል ነበር።

ጉዱንም በዓይኑ አይቷል። አንዲት ባልቴት በነሐሴ ፀሐይ ሦስት ቀሚስ ደርበው፣ ላዩ ላይ ካፖርት ጨምረው፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ ሲገቡ አይቷል። ምክሩን የሰጣቸው እሱ ራሱ ነው፤ የለበሱት አይመዘንም ብሎ። ሌላው ደግሞ እናቱ የሰጠችውን አንድ ማሰሮ ቋንጣ ፈታሾቹ አያልፍም ሲሉት፣ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ለመጣው ሁሉ እያጎረሰ ጨርሶት ገብቷል። ቡዝያን ይህን ሲያወራ ባለታክሲዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

እውነቱን ለመናገር ግን፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእሱ ነው።

ቡዝያን አንድ ልጅ አለው፤ ነጂብ ይባላል፣ ጀርመን፣ ዱሰልዶርፍ ይኖራል። ድሮ፣ የቡዝያን ሚስት ያሚና በሕይወት ሳለች፣ ነጂብ በየዓመቱ ሐምሌ መጨረሻ ላይ በመኪና ይመጣ ነበር። አራት ቀን ነድቶ፣ የመኪናው ጣራ ላይ ፍራሽና ልብስ ማጠቢያ ማሽን በሰማያዊ ሸራ ጠፍሮ፣ ከኋላ ሚስቱን ሲሃምንና ሕፃኗን ልጁን ሂባን ይዞ ይደርሳል። ከዚያ ወሩን ሙሉ ቤቱ ይሞቃል። ቡዝያን እንደ ማንኛውም የአገሩ አባት ከራሱ ቤት በላይ ለልጁ አንድ ፎቅ ሠርቶለታል። የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ልጁ ባሕር ማዶ ሆኖ ፎቁ እዚህ ይጠብቀዋል። ያሚና በየዓርቡ ወጥታ መስኮቱን ትከፍታለች፤ አየር ይግባበት ብላ።

ከሰባት ዓመት በፊት ነጂብ ስፔን ውስጥ እየነዳ እንቅልፍ ጣለው። መኪናው የመንገዱን ጠርዝ ገጭቶ ቆመ እንጂ፣ ሦስቱም አልቀው ነበር። ቡዝያን ይህን ሲሰማ መንዳቱ ይብቃ ብሎ ቆረጠ። ልጁ ሲመጣ ሰገነቱ ላይ አስቀመጠውና ነዳጁን፣ የመንገዱን ክፍያ፣ መርከቡን፣ ሁሉንም እየደመረ አሳየው። በርካሹ አውሮፕላን በዓመት አምስት ጊዜ ትመጣለህ፣ እናትህም አምስት ጊዜ ታይሃለች አለው። ነጂብ አባቱን የሚሰማ ልጅ ነው፤ ሰማው።

መጀመሪያ መልካም ሆነ። በዓመቱ አራት ጊዜ መጣ፤ ሁለት ሁለት ሌሊት እያደረ። ቅዳሜ ገብቶ ሰኞ ይወጣል። የያዘው አንድ የጀርባ ቦርሳ ነው፤ ለቦርሳው ሲል ፎቁን መክፈት አያስፈልግም፣ ታች ከአባትና እናቱ ጋር ይተኛል። ሲሃምና ሂባ ግን መምጣት የሚችሉት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ ያኔ ደግሞ የናዶር ሰው ሁሉ አገሩ ስለሚገባ ርካሹ ቲኬት እሳት ይሆናል። እናም እነሱ ቀሩ። አራቱም ጊዜ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱም አንድ።

ቢሆንም ቡዝያን ርካሹን አውሮፕላን ሙሉ በሙሉ መርገም አይሆንለትም። ያሚና የዛሬ ሦስት ዓመት በመጋቢት አንድ ማለዳ ስትሞት፣ ነጂብ ጠዋት ሰምቶ ከሰዓት በኋላ ደረሰ፤ የእናቱን ቃሬዛ ተሸከመ። በመርከብ ቢሆን የሚያገኘው መቃብሯን ብቻ ነበር። ቡዝያን ስለ አውሮፕላን ባማረረ ቁጥር ይህን ያስታውስና ማማረሩን ይተዋል።

ያሚና ካረፈች ወዲህ በየዓርቡ መስኮቱን የሚከፍተው እሱ ነው። ምግብ ለአንድ ሰው ማብሰል አልለመደም፤ ሁልጊዜ ይተርፈዋል። አንዳንዴ ተራው ሳይደርስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው ለሥራ አይደለም፤ ሰዎች ሲተቃቀፉ ለማየት ነው።

ባለፈው ሐምሌ፣ ቀትር ላይ፣ ተራውን ይዞ ከቀዱር ጋር ሻይ እየጠጣ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ቀዱር ሃያ ዓመት አብሮት የሠራ፣ አፉ የማያርፍ ባለታክሲ ነው።

«ባባ፣ አገር ቤት ነን» አለው ነጂብ።

ቡዝያን ብርጭቆውን ጥሎ ተነሳ። ወደ መውጫው በር እየተራመደ፣ ዓይኑ ከሰው መሀል እየፈለገ፣

«የታላችሁ? በየትኛው በር ነው የወጣችሁት?» አለ።

«አይ ባባ... አጋዲር ነን እኮ።»

ነጂብ ነገሩን ቀስ አድርጎ አስረዳው። ወደ ናዶር የአንድ ሰው ቲኬት የሚያወጣው ገንዘብ ወደ አጋዲር ሦስቱንም ያመጣል፤ ቱሪስት ስለሚበዛበት ርካሽ ነው። ሆቴሉም አብሮ ነው፣ አምስት ሌሊት። ቀድሞ ያልነገረው እንዳያዝንበት ፈርቶ ነው። ሂባ ባሕሩን ወዳዋለች።

ቡዝያን ይህን ሁሉ ሰምቶ «ጥሩ አደረጋችሁ፤ ዋጋው ጥሩ ነው» አለ። ሠላሳ ዓመት የፈረደ አፍ ሳያስበው ፈረደ። ስልኩን ዘግቶ ወደ መኪናው ሲመለስ ግን ነገሩ ገባው። ልጁ አንድ አገር ውስጥ ሆኖ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆታል።

ቀዱር ከፊቱ ላይ አነበበበትና ምን ሆንክ አለው። ቡዝያን ነገረው። ቀዱር ሌላ ቀን ቢሆን ይቀልድ ነበር፤ ያን ቀን ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ለሰው ስንቱን ፈረድክ ዳኛው። በል አሁን ለራስህ ፍረድ» አለው።

ማታውን ሳይጠብቅ፣ የዚያኑ ዕለት፣ ዓርብም ሳይሆን፣ ቡዝያን ፎቁን ከፈተ። ማቀዝቀዣው ከተገዛ ጀምሮ ፕላስቲኩ አልተቀደደለትም። ጥግ ላይ የሂባ ባለሦስት ጎማ ብስክሌት አለ፤ በሁለት ዓመቷ የመጣላት ነው፣ አሁን ዘጠኝ ሞልቷታል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼው ነው አለ ለራሱ። እዚያው ቆሞ ቆረጠ። አጋዲር ሄዶ ለልጁ አንድ ነገር ይለዋል፤ በመኪና ና፣ ወሩን ሙሉ ተቀመጥ። ይህን በሕይወቱ ጠይቆት አያውቅም። አባት ልጁን አይለምንም፤ ልጁ ራሱ ሊያውቅ ይገባል፤ እኛ ያደግነው እንዲህ ነው። በዚህ የተነሳ ስንት አባት ሆድ ይፍጀው እንዳለ ሞቷል።

ታክሲውን ከክልሉ ውጭ ለመንዳት ከፖሊስ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት፤ አንድ ቀን በላበት። ከዚያ ሃያ ሊትር የወይራ ዘይት፣ የደረቀ በለስ፣ ለውዝ፣ ማርና የገብስ ዳቦ ጣራው ላይ ጫነ። ያሚና ለሂባ ብላ የሠራችውን የሱፍ ብርድ ልብስም ጨመረ። ሁሉንም በሰማያዊ ሸራ ጠፈረው። ሻንጣ የመለካት ጠቢቡ ቡዝያን ሦስቱ ሰዎች በምን እንደመጡና በምን እንደሚመለሱ አንዴም አላሰበም። ወደ ልጅ ባዶ እጅ አይኬድም።

ፌዝን፣ ካዛብላንካን፣ ማራካሽን አልፎ በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ አጋዲር ገባ። ነጂብ በማግሥቱ ጠዋት ነው የሚበረው። የሆቴሉ ዘበኛ መኪናውን አይቶ እጁን ዘረጋ።

«አባት፣ ታክሲ ውጭ ነው የሚጠብቀው። የጠራዎትን ሰው የክፍል ቁጥር ይንገሩኝና ልደውልለት።»

«የጠራኝ የለም። ልጄ እዚህ አለ» አለ ቡዝያን።

ዘበኛው በስሙ ፈልጎ ሲደውልለት ነጂብ በቁምጣ እየሮጠ ወጣ፤ እጁ ላይ አረንጓዴ የፕላስቲክ አምባር አለ። አምባር የሌለው አይገባም። አባቱን ሲያቅፈው ጣራው ላይ ያለውን ሸራ አየና ሳቁ ግማሹ ላይ ቀረ። ለአባቱ የአንድ ቀን መግቢያ ሊከፍል ፈለገ፤ ቡዝያን ዋጋውን ሲሰማ ለአንድ ቀን ይህን መክፈል እብደት ነው ብሎ እምቢ አለ። አራቱም ውጭ፣ የባሕሩ ዳር ግንብ ላይ ተቀመጡ። ሂባ እናቷ እንዳስተማረቻት እጁን ሳመች፤ ቋንቋው ግን ይደነቃቀፍባታል። ለምን በአውሮፕላን አልመጣህም ብላ ጠየቀችው። ዕቃ ይዤ ነው አላት። እነሱ እራት የሚበሉት ውስጥ ነው፤ የተከፈለበት ነው። ቡዝያን ጓደኛ ቤት አድራለሁ ብሎ ዋሻቸውና መኪናው ውስጥ አደረ። ያን አንድ ነገር አልተናገረውም።

ጠዋት ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ያደረሳቸው እሱ ነው። የያዙት ሦስት የጀርባ ቦርሳ፣ ወንበር ሥር የሚገባ ብቻ ነው። ነጂብ ዘይቱን እያየ፣ ባባ ይቅር በለን፣ የምናስገባበት የለንም አለ። ቡዝያን አውቃለሁ አለ፤ አሁን በርግጥም አወቀ። ብርድ ልብሱን ግን ከሸራው ሥር አወጣና ሂባ ትከሻ ላይ ጣል አደረገላት።

«እንዳታወልቂው። የለበሱት አይመዘንም» አላት።

ልጅቷ ሳቀች። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንባ ከእናቷ ጋር ወደ ሰልፉ ገባች። ነጂብ ለመሰናበት ወደ ኋላ ቀረ። ቡዝያን ከዚህ በኋላ ጊዜ እንደሌለ ገባው።

«ነጂብ፣ በሚመጣው ሐምሌ በመኪና ና። እንደ ድሮው። ወሩን ሙሉ ተቀመጡልኝ።»

ድምፁ እንደሚለምን ሰው ሆነበት፤ አፈረ፣ ግን አልመለሰውም።

ነጂብ መሬት መሬት አየ።

«ባባ፣ መኪናውን እኮ ሸጥኩት። ስድስት ዓመት ሆነው። ለአንድ ወር ብለህ ዓመቱን ሙሉ አትቀልበው ያልከኝ አንተ ነህ።»

ቡዝያን አስታወሰ። ብሏል። ሰገነቱ ላይ፣ ድምሩ መጨረሻ ላይ፣ ኮርቶ ነበር ያለው።

«ልክ ነህ፤ ብያለሁ» አለ።

«ርካሽ ቲኬት ሲወጣ እመጣለሁ፤ በኅዳር ይወጣ ይሆናል» አለ ነጂብ፤ ግንባሩን ሳመውና ቦርሳውን አንግቶ እየሮጠ ገባ።

ቡዝያን በሩን እያየ ቆሞ ቀረ። ጣራው እንደተጫነ ነው። ጥቂት ቆይተው ሁለት የአጋዲር ባለታክሲዎች መጡ። አንደኛው ታርጋውን አይቶ ተቆጣ።

«አባት፣ የናዶር መኪና ከዚህ ሰው መጫን አይችልም። ሕጉን አያውቁም እንዴ?»

«አውቃለሁ ልጄ» አለ ቡዝያን። «የምጭነው የለኝም። ላደርስ ነው የመጣሁት።»