ለዳፍንት የተገዛ ጉበት

ዛሬ ጠዋት ከጎረቤት ጉበት ሲጠበስ ሸተተኝ። ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው፣ ያ ደም ደም የሚለው ሽታ። ሌላው ሰው ምራቁን ይውጣል፤ እኔ ትዝ የሚለኝ አንድ ሆዳም ነው። ጠላሁት አልልም፤ ጥላቻም ክብር ነው። ንቄው ነው የኖርኩት።

ታላቅ ወንድሜ የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። የሳምባ ነቀርሳ ያዘውና መርፌና ኪኒን ጀመረ። ሳሉ ቀነሰ፤ ሰውነቱ ግን አልመለስ አለ። ከንፈሩ ዳርና ዳር ተሰነጠቀ፣ ቆዳው ሻከረ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከክሊኒክ ስንመለስ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ መሃል፣ አሸዋው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምነው ቆምክ?»

«ጨለመ እኮ።»

ሰማዩ ገና ቀይ ነበር። ማዶ ያሉት ፍየሎች ሳይቀሩ ይታዩኛል። እጁን ይዤ አሻገርኩት።

በማግስቱ መርፌ የምትወጋው የክሊኒኩ ድሬሰር ዓይኑን ገልጣ አየችና «ዳፍንት ነው» አለች። «መድኃኒቱ ነቀርሳውን ይገድላል እንጂ አይቀልብም። ጉበት ስጡት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ፓፓያ። ችላ ካላችሁት ቀንም ማየት ይተዋል።» አሁን የልጅ ልጄ «አባባ፣ ቫይታሚን እኮ ነው» ትለኛለች። ይሁን፤ ያኔ ለእኛ ስሙ ጉበት ነበር።

እናቴ ቀፊራ ገበያ እየወረደች ጉበት ታመጣ ጀመር። መከራው ጠያቂው ነው። በሰፈራችን በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ሳያቀምሱ መስደድ ነውር ነበር፤ የእድራችን ዳኛ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ጉበቱ መጥበሻው ላይ ሲያርፍ እሱ በሩ ላይ ያርፋል። በሽታው እንዳይጋባበት አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ ራቅ ብሎ ተቀምጦ «እንዴት ዋልክ ልጄ?» ይላል። ሳህኑ ሲቀርብ መሐረቡ ኪስ ይገባል።

«ለነቀርሳ ሰው ሥጋ አይሰጥም» ይላታል እናቴን፣ እያኘከ። «በሽታውን ነው የምታወፍሪው። አጥሚት ስጪው፣ አጥሚት!»

እናቴ አንገቷን ደፍታ ትጨምርለታለች። ለወንድሜ የሚተርፈው የመጥበሻው ቅባት ነው፤ በዳቦ ይጠርገዋል።

የግመል ወተት የምታመጣልን ሱማሌ ሴትዮ አንድ ቀን ይህን አየችና በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ ትልቁ ሰውዬ! የበሽተኛ ምግብ ትበላለህ፣ በሽታውንስ ለምን አትወስድም? ወላሂ፣ ጅብ እንኳ እስኪሞት ይጠብቃል!»

ዳኛው ሳቀ። ሳቀና ጥርሱን ጎረጎረ።

በዚያው ሳምንት፣ ጸሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ወንድሜ የውሃ ኩባያ ፍለጋ ወለሉን ሲዳብስ እጁ የዳኛው ጉልበት ላይ አረፈ። ሰውዬው አፉን እንደሞላ «አትንካኝ!» ብሎ ተስፈነጠረ። እናቴ የልጇን እጅ አየች፤ አየር ላይ ቀርቷል። ሳህኑን ከዳኛው ፊት አነሳች።

«ጋሼ፣ ይነሱ።»

«ምን አልሽ?»

«ይነሱ አልኩ። ልጄን አሳውሬ እርስዎን አላወፍርም።»

«የሚቀብርሽን አያለሁ!» እያለ ወጣ። ሰው ፊት በሯን ዘግታ የማታውቅ ሴት ዘጋችው። ከዚያ ቁጭ ብላ ጉበቱ እስኪያልቅ ወንድሜን አጎረሰችው።

ዳኛው ቃሉን ጠበቀ፤ በሕይወቱ የጠበቀው ቃል ያ ብቻ ይመስለኛል። ከእድር አስወጣት። ጎረቤቱም ሰላምታዋን እየሸሸ ኖረ። የወንድሜ ዓይን ግን ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ወደ ሥራውም ገባ።

ከዓመታት በኋላ እናቴ ስታርፍ ድንኳን የተከለልን የለም። ዳኛው በርጩማውን ደጁ ላይ አውጥቶ ተቀምጦ ያየን ነበር፣ እንደ ትርኢት። ጉድጓዱን የቆፈርነው እኔና ወንድሜ ነን፤ የወተቷ ሴትዮ ልጆችም አካፋ ይዘው ደረሱልን። እስክንጨርስ መሸ። ቃሬዛውን ፊት ለፊት የያዘው ወንድሜ ነበር። «እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፣ ቀስ በሉ፤ እንዳትንገላታ» እያለ መራን።