የአባባ የክብር ስብከት

የጋለ የከሰል ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ ዛሬም ካንድ ሱቅ በር ላይ ድንገት ሲመጣብኝ፣ አባባ ከነከረባቱ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። አባባ በኬንያዋ ሞያሌ ልብስ ሰፊ ነበር። አብዮቱ በፈነዳ ማግስት እሱና እማዬ እኔን ታቅፈው ድንበሩን ከኢትዮጵያዋ ሞያሌ ተሻግረው፣ ወደ ሄሉ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ከፊት የስፌት መኪናውን፣ ከኋላ አልጋችንን አድርገን እንኖር ነበር።

አባባ ክብር ይወድ ነበር። ሲሰፋም በከረባት ነው፤ ውሃ ሊያመጣ ሲወጣ እንኳ ኮቱን ይደርብ ስለነበር እማዬ «መጣ ባለ ጄሪካኑ ሚኒስትር» እያለች ትስቅበት ነበር። አንድ ጊዜ ታዲያ በሰው ሰርግ ላይ ንግግር አድርግ ተብሎ ተነሥቶ፣ «የተከበራችሁ» ካለ በኋላ ሌላው ሁሉ ጠፍቶበት፣ «የተከበራችሁ፣ የተከበራችሁ» እንዳለ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ የጭነት መኪና ሾፌሮች ሱሪ ሊያስጠብቡ ሲመጡ «እንደምን ዋልክ፣ የተከበራችሁ?» ይሉት ጀመር። አብሯቸው ይስቅና እነሱ ሲወጡ የስፌት መኪናውን መርገጫ በኃይል ይረግጠው ነበር።

አንድ ዓመት የጥቅምቱ ዝናብ ቀረ። በጋው ሲከር፣ ከሶሎሎ ከተማ እየመጡ በቤተ ክርስቲያናችን የሚሰብኩልን ሽማግሌ በመጋቢት አንድ እሑድ እንደማይመጡ ነግረው፣ «ጋሽ ታደሰ፣ ስለ እግዚአብሔር ክብር አንተ ስበክልን» አሉት። አባባ ስሙን የሚያድስበት ቀን መጣለት! በጋውን ሙሉ እየሰፋ ተለማመደ፤ ክብር ብርሃን ነው፣ ክብር ዙፋን ነው፣ ክብር መላእክት የሚንቀጠቀጡለት ግርማ ነው እያለ፣ እኔን እንደ ጉባኤ ፊቱ አስቀምጦ ጣቱን ወደ ጣሪያው ይቀስር ነበር። ሙሴ ክብርህን አሳየኝ ብሎ ሲለምን፣ እግዚአብሔር መልካምነቴን ሁሉ በፊትህ አሳልፋለሁ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ይደናቀፍ ነበር።

«አባባ፣ ክብር ሲለምነው ለምን መልካምነት ሰጠው?» አልኩት።

«እሱ ጥልቅ ነገር ነው» አለኝና ቶሎ ወደ ዙፋኑ ተመለሰ። ለእሱም እንዳልገባው ገባኝ።

እማዬና «አደ» እያልን በክብር የምንጠራት ጎረቤታችን ሐሊማ በዚያ በጋ ገና ሳይነጋ ለጉድጓድ ውሃ ይሰለፉ ነበር። በሰፈሩ ከቤተ ክርስቲያናችን የሚሰፋ የቆርቆሮ ጣሪያ ስላልነበረ፣ ሲዘንብ ክርስቲያኑም እስላሙም ዕቃውን ከአሸንዳው ሥር ይደቅን ነበር፤ ደንቡ ነው። ሌላም ደንብ ነበረን፤ ቃሉ ሲነገር ከወንበር መነሣት ነውር ነው። ይህን አጥብቆ የሚያስከብረው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን አባባ ነበር፤ የሚያለቅስ ሕፃን ይዛ የምትወጣ እናት እንኳ ከዓይኑ አታመልጥም።

እሑድ ደረሰ። አባባ የተተኮሰ ሱፉን ለብሶ ቆመ፤ አስተርጓሚያችን ገልገሎ ከጎኑ ሆኖ ወደ ቦረንኛ ይተረጉማል፣ የአባባን ረጅም ዐረፍተ ነገር ሁሉ በሦስት ቃል እየቋጨ። ያምራል! ምንም አልጠፋውም። ሙሴ ክብርህን አሳየኝ ሲል ላይ ሲደርስ ግን ቆርቆሮው ላይ ጠብ አለ፣ ደገመ፣ ከዚያ ዶፉ ወረደ። ሁሉም ወደ ጣሪያው አየ፣ ማንም አልተነሣም። አባባ ድምፁን ከፍ አደረገ። ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ ደጁን ቀድዶ ሲሄድ ይታየናል፤ የኛ አገር ዝናብ ደግሞ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። አደ ሐሊማ ጄሪካኗን ይዛ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ምዜ ታደሰ! ቦካ! ዝናብ እኮ ነው! ሰዉ ሁሉ ምን ነካው?»

ሳይጨርስ ከተቀመጠ የሰርጉ ስም እስከ መቃብሩ ሊከተለው ነው፤ ከቀጠለ ደግሞ ውሃው ሄደ። እማዬ የወንበሩን ጠርዝ ጨምድዳ ይዛ ዓይኗን ከደጁ አልነቀለችም። አባባ አያት። መጽሐፉን አየ፣ ደጁን አየ፣ እንደገና መጽሐፉን አየ። ጠፋበት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«መልካምነቱ እያለፈ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ተነሡ! ባልዲ ያለው ባልዲ፣ ሳፋ ያለው ሳፋ!»

ገልገሎ አልተረጎመም፤ ከሁሉ ቀድሞ የወጣው እሱ ነበር።

ወንበሩ ተገለባበጠ። አባባ ከነሱፉ አሸንዳው ሥር ቆሞ የአደ ሐሊማን ጄሪካን ደግፎ ሲሞላ፣ ከረባቱ እንደ ጅማት ተጠምዝዞ ውሃ ሲያንጠባጥብ፣ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር።

«ኮትህ! ኮትህ!» አለች እማዬ።

«ኮቱን እኔው እሰፋዋለሁ፣ ይህን ማን ይሰፋልኛል?»

አባቴን የዚያን ቀን ያህል ወድጄው አላውቅም። ስብከቱ እንደተቋረጠ ቀረ። ሾፌሮቹም ወሬውን ሰምተው «ጋሽ ታደሰ፣ መልካምነቱ ዛሬ በየት በኩል ያልፋል?» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር፤ እሱም «ባልዲህን ይዘህ ና» ይላቸው ነበር።

ዛሬ ናይሮቢ ነው የምኖረው፤ ውሃው ከቧንቧ ይወርዳል፣ የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያም ወፍራም ስለሆነ ዝናብ ቢጥል አይሰማንም። ስለ እግዚአብሔር ክብር ብዙ የተማሩ ሰዎች ሲሰብኩ ሰምቻለሁ፤ ጥሩ ይሰብካሉ፣ ይጨርሳሉም። እኛም አሜን ብለን ቁጭ እንዳልን እንቀራለን።